ነፍሰ ጡር፣ ዳገትና ሸክም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ነፍሰ ጡሮች የሰውነት እንቅስቃሴ አንድ መሐንዲስ እንዲናገር መጋበዙ እንግዳ ነገር ሳይመስላችሁ አይቀርም። ሆኖም በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ አንዲት ነፍሰ ጡር ምን ያህል እንደምትራመድ፣ ምን ያህል ዳገት እንደምትወጣና ምን ያህል እንደምትሸከም በአብዛኛው የሚወስነው ከሐኪሙ ምክር ይልቅ ቦኖው የተተከለበት ሥፍራ ነው። ቦኖውን የምንተክለው ደግሞ እኛው ነን።

በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ይህን ዝምድና ገና ከጅምሩ የተረዳው ይመስላል። ኮሌጁ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን እያሠለጠነ በየጤና ጣቢያው በቡድን ያሰማራ ነበር። እናቲቱን የሚመረምረውና የምንጩን ንጽሕና የሚጠብቀው ባለሙያ በአንድ ጣሪያ ሥር ይውሉ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግን ምንጭ የሚያጎለብተው ስለ ፅንስ አያነሣም፤ ነፍሰ ጡሯን የሚመረምረውም ስለ ዳገቱ እምብዛም አይጠይቅም።

በቅድሚያ የሕክምናውን ቃል በአጭሩ ላቅርብ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪም የሚከለክላት ምክንያት የሌለ ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። መጠነኛ የሚባለው እየተራመዱ መነጋገር የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ድካም ነው። ጥቅሙም በእርግዝና ጊዜ ከሚመጣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ሥጋት፣ እንዲሁም ከልክ ካለፈ ውፍረት መከላከሉ ነው። በከተማችን ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትውልና በባጃጅ የምትመላለስ ሠራተኛ ከፒያሳ ተነሥታ በፋሲል ግቢ ቅጥር ዙሪያ በቀን ግማሽ ሰዓት ብትራመድ፣ በአምስት ቀን የተባለውን መጠን ትሞላለች። «ተኚ፣ አትነሺ» የሚሏት ዘመዶቿ በፍቅር እንጂ በክፋት አይናገሩም፤ ምክራቸው ግን ጤነኛዋን ነፍሰ ጡር አይጠቅማትም።

ጥንቃቄውም የታወቀ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ በጀርባ ተንጋሎ እንቅስቃሴ መሥራት አይገባም፤ የከበደው ማኅፀን ትልቁን የደም ሥር ተጭኖ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይቀንሳልና። የቀትር ፀሐይን፣ የውሃ ጥምንና መውደቅን የሚያስከትል ሥራን መሸሽ ነው። ደም ከታያት፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሳት፣ ራሷን ካዞራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ምጥ የሚመስል ቁርጠት ከተመላለሰባት ወዲያውኑ አቁማ ወደ ጤና ጣቢያ ልትሄድ ይገባል። ከመተማ ቆላ ወደ ደባርቅ የመጣች ነፍሰ ጡር፣ የአየሩን ስስነት እስክትለምድ ድረስ በዳገት ላይ ልትደክም አይገባትም። በዐቢይ ጾም ስለሚደረገው ጾምና ስግደት ደግሞ ከሐኪሟና ከንስሐ አባቷ ጋር ብትመካከር መልካም ነው።

ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ ለጎደላት ሴት የተነገረ ነው። በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ያለችው እናት ግን እንቅስቃሴ አልጎደላትም፤ የጎደላት ዕረፍት ነው። እዚህ ላይ የራሳችንን ሙያ ስሌት እንጠቀም። አንዲት 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስትሸከም ሸክሟ ከነዕቃው 21 ኪሎ ገደማ ነው። ምንጩ ከቤቷ 100 ሜትር ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ ሽቅብ ስትመለስ የምትሠራው ሥራ 74 ኪሎ ጁል ተኩል ያህል ይሆናል። የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኀይል ለሥራ የሚያውለው ከአምስት አንዱን ወይም ከአራት አንዱን እጅ ብቻ በመሆኑ፣ አንዱ ዳገት ብቻ ከ70 እስከ 90 ኪሎ ካሎሪ ይበላባታል። በመጨረሻዎቹ ወራት ለእናቲቱ በቀን ይጨመርላት የሚባለው ምግብ 450 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ከተመላለሰች፣ ለፅንሱ የታሰበው ጭማሪ ግማሹ ያህል ዳገቱ ላይ ይቀራል።

«እንግዲያውስ ግማሽ ጀሪካን ትሸከም» የሚል ምክር ይሰጣል። ምክሩ ለወገቧ ይበጃል፤ ጅማቶቿ በእርግዝናው ምክንያት ላልተዋልና፣ ሆዷም ሚዛኗን ወደፊት ስቦታልና። ዳባት የማኅፀን መውረድ በጥናት ከተመረመረባቸው የአገራችን ወረዳዎች አንዱ መሆኑን፣ ከባድ ሸክምም ችግሩን ከሚያባብሱት ነገሮች መካከል መቆጠሩን አንዘንጋ። ነገር ግን ያንኑ 20 ሊትር በሁለት ዙር ብታመላልሰው፣ የራሷን ክብደት ሁለት ጊዜ ዳገት ማውጣት ስላለባት ሥራው ወደ 128 ኪሎ ጁል ከፍ ይላል፤ ይህም 72 በመቶ ጭማሪ ነው። ስለሆነም ለወገቧ ስንል ጉልበቷን፣ ለጉልበቷ ስንል ወገቧን እናስከፍላታለን። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣት ቦኖውን በከፍታ ረገድ ወደ መንደሩ ማቅረብ ነው። በጥናታችን ላይ ዘወትር አግድም ርቀቱን እንጽፋለን፤ የከፍታውን ልዩነት ግን ከፓምፑ ወጪ ጋር ካልተያያዘ በቀር አንጠይቅም።

ቦኖው በማይቀርብበት ሥፍራም ቢሆን የሚሠራ አለ። ከሁሉም የሚያስጨንቀው ጀሪካኑን ከመሬት አንሥቶ ጀርባ ላይ ማዋል ነው። ከቧንቧው አጠገብ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ መደብ ቢገነባ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሳታጎነብስ ትሸከመዋለች። ይህ ጥቂት ድንጋይና የአንድ ግንበኛን የቀን ሥራ ቢፈልግ ነው። በክረምት የሚያንሸራትተው መውጫ ዝቅ ዝቅ ባሉ ደረጃዎችና በየመካከሉ ማረፊያ ቢሠራለት፣ የልብስ ማጠቢያውም ቆሞ ለማጠብ እንዲያመች ከፍ ቢል፣ ያው ነው። አህያ የሚገባበት በር መተውም ከቁም ነገር ይቆጠራል። በአገራችን ወንድ እንስራ ቢያዝል ያስነውረው ይሆናል፤ አራት ጀሪካን በአህያ ጭኖ ሲነዳ ግን የሚነቅፈው የለም። ባልየው ሚስቱን እንዲረዳ ከተፈለገ፣ ከስብከት ይልቅ የአህያ መግቢያ ሳይፈጥን አይቀርም።

ከተማዋም ከዚህ ነጻ አይደለችም። የአንገረብ ግድብ በደለል ምክንያት የመያዝ አቅሙ መቀነሱ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ቧንቧው በተቋረጠ ቁጥር የጎንደር ነዋሪም ጀሪካን ይዛ ቁልቁል ትወርዳለች።

በመጨረሻ ስለ ገዛ ሥራ ቦታችን ልናገር። ድንጋይና ሲሚንቶ በባሬላ ከሚያመላልሱት የቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ነፍሰ ጡሯም እንጀራዋን እንዳታጣ ሆዷን በነጠላ ሸፍና ትሠራለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም እንዳይሰጣት ይከለክላል፤ ሥራዋ ለጤንነቷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ሲያረጋግጥም ወደ ሌላ ሥራ እንድትዛወር ያዝዛል። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድም ደንግጓል። በቀን ክፍያ የምትሠራው ሴት ግን ይህን መብቷን ለመጠየቅ ብትነሣ፣ በማግሥቱ ስሟ ከመዝገቡ እንደሚወጣ ታውቃለች። ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ፣ በየፕሮጀክቱ ውል ውስጥ መሣሪያ ማደል፣ ሠራተኛ መቁጠር፣ ግንብ ውሃ ማጠጣትና እነዚህን የመሳሰሉ ቀላል ሥራዎች ደመወዛቸው ሳይቀነስ ለነፍሰ ጡሮች እንዲጠበቁ የሚያስገድድ አንቀጽ እንዲገባ ነው። የአንቀጹን ረቂቅ አዘጋጅቼ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ፤ ከዕረፍት በኋላ ይታደላችኋል።