ትኩሳቱ በረደ፤ ሕመሙ ግን አልበረደም



በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ቺኩንጉንያ በገባ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው በትኩሳትና በቁርጥማት ተኝቶ ነበር። ስሙ ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የሚያጎብጥ» እንደ ማለት ነው። በትንኝ የሚተላለፈው ይህ ቫይረስ ትኩሳቱ በሳምንት ገደማ ይለቃል። በአንዳንዱ ሰው ግን የመገጣጠሚያው ሕመምና እብጠት ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይቆያል፤ ቫይረሱን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መቆጣት ሳይበርድ ይቀራልና።

እንግዲህ ከአልጋው የተነሣ ጓደኛችን ደረጃ መውጣት ቢያቅተው፣ እርሳስ መያዝ ቢቸግረው፣ «ድነህ የለም ወይ? ስንፍና ነው» አንበለው። እኛ ብለነው አስቀይመነዋል፤ ዛሬ በፊታችሁ ይቅርታ እንጠይቀዋለን። መምህራኖቻችንም በፈተና ጊዜ ቢጨምሩለት ችሮታ ሳይሆን ፍትሕ ነው እንላለን።