«መማር» እና «መማር»፤ ግጥምን መርምሮ ስለ መረዳት



ግጥም ሲነበብ ሁላችንም ጆሯችንን እንሰጣለን። ቤት መምታቱን፥ ዜማው መጣፈጡን እንመሰክራለን። ነገር ግን «ገጣሚው ምን አለ?» ተብለን ብንጠየቅ፥ ብዙዎቻችን የምንመልሰው ቃሉን እንጂ ምሥጢሩን አይደለም። ዛሬ ለመናገር የተነሣሁት ስለዚሁ ነው፤ የምጀምረውም ከራሴ ጥፋት ነው።

በወጣትነቴ በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል፥ አንድ ሽማግሌ ባላገር ማመልከቻ አቀረቡ። ግብር የሚከፈልበት ቀን ስላለፈባቸው መቀጫ ተጥሎባቸው ኖሯል። ማመልከቻው መታመማቸውንና መዘግየታቸውን ከተረከ በኋላ፥ ግልጽ ልመና ሳይጨምር በሁለት ስንኝ ያበቃል፤

ፊደል ለቆጠረ ከመምህር እግር ዳር፥
እንደርስዎ ላለ አይቸግርም መማር።

እኔም ትምህርቴን ያመሰገኑልኝ መስሎኝ ፈገግ አልሁ። በማመልከቻው ራስጌ «የተጠየቀው ነገር አልተገለጸም» ብዬ ጽፌ ከመዝገቡ ጋር አኖርሁት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ የቅኔ መምህር ለጉዳያቸው ወደ ቢሮው በመጡ ጊዜ፥ ግጥሙን እንደ ጨዋታ አነበብሁላቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እስቲ ጽሑፉን አሳየኝ» አሉና ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። «ልጄ፥ ሰውዬው ማሩኝ ብለዋል እኮ!» አሉኝ። ደንግጬ ጉዳዩን ብከታተል፥ ሽማግሌው አንዱን የእርሻ በሬ ሸጠው መቀጫውን ከፍለው ኖሯል።

መምህሩ ያን ቀን ያስተማሩኝን ላካፍላችሁ።

1ኛ፤ አስቀድሞ ላዩን በትክክል መረዳት ይገባል። የግጥሙ ላይ፥ «ለተማረ ሰው ትምህርት አይከብደውም» የሚል ምስጋና ነው። ላዩን ያልጨበጠ ሰው ወደ ውስጡ ሊገባ አይችልም።

2ኛ፤ ከቦታው ጋር የማይስማማውን ነገር መፈለግ ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ተምሯል፤ እንግዲህ መማር አይቸግርህም ማለት ለእርሱ ምን ይረባዋል? ደግሞስ በመቀጫ የተጨነቀ ባላገር ስለ ጸሐፊ ትምህርት ምን አሳሰበው? ነገሩ እንዲህ ሲጎረብጥ፥ ምሥጢሩ ከዚያው ግድም መሆኑን ይጠቁማል።

3ኛ፤ ሁለቱን ትርጉም የተሸከመውን ቃል ለይቶ ማውጣት ነው። ያ ቃል «መማር» ነው። «ማ» ሲጠብቅ ዕውቀት መቅሰም ይሆናል፤ ሲላላ ይቅር ማለት ይሆናል። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን በምልክት ስለማይለይ፥ በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። በግዕዝ ግን ያስተማረው «መሀረ»፥ ይቅር ያለው «መሐረ» ነው፤ «ትምህርት» እና «ምሕረት» ስንጽፍ ሀሌታው «ሀ» እና ሐመሩ «ሐ» እስከ ዛሬ ይለያዩልናል። በአማርኛ ድምፁ ስለ ተቀላቀለ፥ ባላገሩ ሁለቱን በአንድ ቃል አሰራቸው። እንዲህ ያለው ቃል ኅብር ይባላል።

4ኛ፤ የተገኘውን ምሥጢር መልሶ በግጥሙ ሁሉ ላይ መፈተን ነው። «ከመምህር እግር ዳር ለተማረ ሰው ይቅር ማለት አይቸግርም» ስንል፥ የመጀመሪያው ስንኝ ሥራ ያገኛል። የትምህርት ፍሬ ምሕረት ነው የሚል ተግሣጽም ይሰማበታል።

ከኅብር ሌላ ሰምና ወርቅ የሚባለው አለ። ስሙ የተወሰደው ከወርቅ አንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። «የሐሜት ጦር ወጋው» ብንል፥ ጦር ሰሙ፥ ሐሜት ወርቁ ነው። «ወጋው» የሚለው ግሥ ለጦሩ የተገባ ሲሆን፥ የሐሜትን ሥራ ያስረዳል። ምሳሌ በየሕዝቡ ቋንቋ ይገኛል፤ የእኛ ሊቃውንት ግን ይህን በሥርዓት አበጅተው፥ ለትምህርት ቤት አስረክበውታል።

ጎጃም በዚህ ትምህርት የታወቀ ነው። ዋሸራ፥ ጎንጅ፥ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ኤልያስ የቅኔ መፍለቂያ ሆነው ስማቸው ይጠራል። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ ሦስት ቤት ባለው ዘአምላኪየ በኩል፥ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። ባለ ቅኔውና የቴአትር ደራሲው ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁም በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው፥ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ወርቅ ፍለጋ የወጣ ሰው፥ በሌለበት ቦታ ሁሉ መቆፈር የለበትም። «እንደምን አደሩ» ብሎ ሰላምታ የሰጠንን ሰው ነገር ወረወረብኝ ብንል፥ የቅኔ ዐዋቂ አያሰኘንም፤ ጥርጣሬያችንን ብቻ ያሳብቃል። ምሥጢሩ እውነተኛ የሚሆነው፥ ከግጥሙ ቃላት አንዱንም ሳይጥል፥ ሁሉንም ሥራ ሲያስይዝ ነው።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በጠረጴዛችሁ ላይ ብዙ ወረቀት ያልፋል። ሰው ሁሉ ጭንቀቱን በእኛ ቋንቋና በእኛ ደንብ አይናገርም፤ አንዳንዱ ከአባቶቹ በተማረው በዘወርዋራው መንገድ ይናገራል። እኔ በሁለት ስንኝ ውስጥ የነበረችውን አንዲት ቃል አጥብቄ ስላነበብሁ፥ አንድ ገበሬ በሬውን አጣ። ብዙ ተምሬ ነበር፤ መማርን ግን ገና አልተማርሁም ነበር።