የቢዮርን ቦርግ የጨዋታ ዘመንና የእንጨት ራኬት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ ስለ አንድ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች መነገሩ ለጊዜው ቦታውን የሳተ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የስዊድናዊው የቢዮርን ቦርግ የሥራ ዘመን፣ ከስፖርት ወዳጅ ይልቅ በመሣሪያና በልኬት የሚተዳደረውን ባለሙያ የሚመለከት ቁም ነገር አለው። ይኸውም አንድ ሰው ከመሣሪያው ጋር ፍጹም ተስማምቶ ከሙያው ጫፍ ከደረሰ በኋላ መሣሪያው ሲለወጥ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦርግ የተወለደው በ1956 ሲሆን፣ ያደገው ለስቶክሆልም ቅርብ በሆነችው በሶደርታልየ ከተማ ነው። አባቱ በጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር በሽልማት ያገኘውን ራኬት ለልጁ ሰጠው፤ ልጁም የመኪና ማቆሚያውን በር እንደ ተጋጣሚ ቆጥሮ ኳስ ሲያላትም ይውል ጀመር። ራኬቱን በሁለት እጁ ይዞ በግራው በኩል መምታቱና ኳሷን ከታች ወደ ላይ እየጠረገ ማሽከርከሩ በዘመኑ ከተለመደው የአጨዋወት ትምህርት የራቀ ነበር። ሆኖም በ1972፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ለአገሩ በዴቪስ ዋንጫ ተሰልፎ የኒውዚላንዱን ኦኒ ፓሩንን አሸነፈ። በ1974 ደግሞ 18 ዓመት በሞላው በቀናት ውስጥ በፓሪስ የፍጻሜ ግጥሚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በስፔናዊው ማኑኤል ኦራንቴስ ከተነጠቀ በኋላ፣ የቀሩትን ሦስቱን 6ለ0፣ 6ለ1፣ 6ለ1 ወስዶ ዋንጫውን አነሳ። በ1975 ስዊድን ለመጀመሪያ ጊዜ የዴቪስ ዋንጫ ባለቤት ስትሆን የቡድኑ ዋና ምሰሶ እርሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ውጤት በቁጥር ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ በፓሪስ 6 ጊዜ፣ ማለትም በ1974፣ በ1975 እና ከ1978 እስከ 1981፤ በለንደኑ ዊምብልደን ከ1976 እስከ 1980 በተከታታይ 5 ጊዜ፤ በድምሩ 11 ታላላቅ ዋንጫዎች። በዊምብልደን 41 ግጥሚያዎችን ሳይሸነፍ አከታትሎ ተጫውቷል።

ለመሐንዲስ ግን ከድምሩ ይልቅ የሚያስደንቀው የሁለቱ ሜዳዎች ልዩነት ነው። በፓሪሱ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ኳሷ በሰበቃ ፍጥነቷ ቀንሶ ከፍ ብላ ትነጥራለች፤ በዊምብልደን ሣር ላይ ደግሞ ዝቅ ብላ ተንሸራታ ታልፋለች። አንዱ ትዕግሥትን፣ ሌላው ፈጣን ውሳኔን ይጠይቃል። ቦርግ በ1978፣ በ1979 እና በ1980 በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሁለቱንም አሸነፈ። በወንዶች ውድድር ይህን ሦስት ዓመት በተከታታይ የደገመ እስካሁን አልተገኘም።

የ1980ው የዊምብልደን ፍጻሜ የጠባዩ መለኪያ ሆኖ ይጠቀሳል። አሜሪካዊው ጆን ማኬንሮ በአራተኛው ዙር ሰባት ጊዜ ከሽንፈት አፋፍ ተርፎ፣ የመለያውን ጨዋታ 18ለ16 ወሰደበት። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ይሰበር ነበር፤ ቦርግ ግን አምስተኛውን ዙር 8ለ6 አሸነፈ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። የቦርግ ራኬት ከእንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ጅማቱ እስከ 80 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 36 ኪሎ ግራም በሚደርስ ውጥረት ይወጠር ነበር። ይህም ሌሎች ተጫዋቾች ከሚጠቀሙበት እጅግ የላቀ ነው። የላላ ጅማት ኳሷን እንደ ምንጣፍ ተቀብሎ በኃይል ይመልሳታል፤ የተወጠረ ጅማት ግን ኃይሉን ሲቀንስ አቅጣጫን ያስጠብቃል። የጎደለውን ኃይል ቦርግ በፈጣን ክንዱና በማይደክም እግሩ ይሞላው ነበር። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ጅማቱ ሌሊት በሆቴል ክፍል ውስጥ ማንም ሳይነካው እንደ ክራር ጅማት ይበጠስ ስለነበር፣ በየውድድሩ በርካታ ራኬቶች መያዝ ግድ ነበር።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ሌላ ሥራ በመካሄድ ላይ ነበር። በአውሮፕላን ፋብሪካ ሠርቶ የነበረው ሆዋርድ ሄድ ፊቱ የሰፋ ራኬት ነድፎ በ1976 ለገበያ አቀረበ። የፊቱ መስፋት ኳሷ ከመካከል ወጣ ብላ ብታርፍ እንኳ ራኬቱ በእጅ ውስጥ ቶሎ እንዳይጠመዘዝ ያደርጋል። እንጨት ይህን ስፋት ሳይከብድና ሳይጣመም ሊሸከም ስለማይችል ቦታውን ለብረትና ለግራፋይት ለቀቀ።

ቦርግ በ1981 በዊምብልደንም ሆነ በአሜሪካ ውድድር ፍጻሜ በማኬንሮ ተሸነፈ። የአሜሪካውን ዋንጫ አራት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ አንድም ጊዜ አላገኘውም። ዕረፍት ፈልጎ የውድድሮቹን ብዛት ሊቀንስ ቢሻም፣ የ1982ቱ ደንብ በዓመት ቢያንስ በ10 ውድድሮች ለመሳተፍ ያልተስማማ ተጫዋች በማጣሪያ እንዲያልፍ ያስገድድ ነበር። የአምስት ጊዜው የዊምብልደን ባለድል ከጀማሪዎች ጋር ለማጣሪያ እንዲሰለፍ ተጠየቀ ማለት ነው። በ1983 መጀመሪያ፣ በ26 ዓመቱ፣ ጨዋታ ማቆሙን አስታወቀ። ደንብ ለሁሉም እኩል መሆኑ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አንድ የሙያ ድርጅት የደከመውን አንጋፋ የሚያሳርፍበት በር ከሌለው ራሱም ተጎጂ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

በ1991 ቦርግ በሞንቴ ካርሎ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በእጁ የነበረውም ያው የእንጨት ራኬት ነበር። በስፔናዊው ጆርዲ አሬሴ 6ለ2፣ 6ለ3 ተሸነፈ። በኋላ ዘመናዊ ራኬት ቢይዝም እስከ 1993 ድረስ አንድም ግጥሚያ ሳያሸንፍ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበተ።

ለዚህ ሽንፈት እንጨቱን ብቻ መውቀስ ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም። ሰውየው 34 ዓመቱ ነበር፤ ለዓመታትም ከከባድ ውድድር ርቋል። ቢሆንም ራኬቱ ራሱ አንድ ምስክርነት ይሰጣል፦ እርሱ ባልነበረበት ጊዜ ሙያው ቆሞ አልጠበቀውም። በንድፍ ጠረጴዛና በእርሳስ የሠለጠነ መሐንዲስ ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ የገጠመውም ፈተና ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሆኖም ታሪኩ በሽንፈት አይዘጋም። እንጨቱ ቢያልፍም ቦርግ ያስለመደው አመታት፣ ማለትም ሁለት እጅና ብርቱ ማሽከርከር፣ ዛሬ በየአገሩ ለሕፃናት የሚሰጥ የመጀመሪያ ትምህርት ሆኗል። በፓሪስ 14 ጊዜ ያሸነፈው ራፋኤል ናዳልም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ባለሙያ በየጊዜው ሊመረምረው የሚገባው፣ ከችሎታው ውስጥ በመሣሪያው ላይ የቆመው የትኛው፣ በራሱ አእምሮና ክንድ ላይ የቆመው የትኛው እንደሆነ ነው። የመጀመሪያውን በየጊዜው ማደስ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ለተከታዩ ትውልድ ማስተማር የሙያ ግዴታ ነው።