በወላጅ ቤት አብሮ መኖር ምን መብት ያስገኛል?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የከተማ ፍርድ ቤቶቻችን የሚያውቁት ክርክር ነው። ወላጅ ያርፋል። እዚያው ቤት የኖረችው ልጅ «ሃያ ዓመት ያስታመምሁ እኔ ነኝ» ትላለች፤ ተለይተው የኖሩት ወንድሞቿ «ቤቱ የሁላችን ነው» ይላሉ። ሕጉ ለማን ይፈርዳል?

መልስ ለመስጠት ፈቃድን፣ ቀለብንና ውርስን መለየት ያስፈልጋል። ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ በወላጁ ቤት የሚኖረው በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ የዘመኑ ርዝመት ብቻውን ፈቃዱን ወደ ባለቤትነት አይለውጠውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በቁጥር 197 ቀለብ መኖሪያንም እንደሚያካትት ይደነግጋል። ሆኖም ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ ራሱን ማስተዳደር የማይችል መሆን አለበት፤ የሚያገኘውም መጠለያ እንጂ ንብረት አይደለም። ውርስን በተመለከተ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842 ኑዛዜ በሌለበት ልጆችን በእኩል ድርሻ ይጠራል። ያስታመመችውም ርቆ የኖረውም እኩል ናቸው።

በገጠር መሬት ረገድ ግን ሕግ አውጪው ሌላ ሚዛን ይዞ ነበር። በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው አዋጅ ቁጥር 456/1997 የቤተሰብ አባልን የተረጎመው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት በመኖርና መተዳደሪያውን በመጋራት ነው። አብሮ ለኖረ ሰው ዋጋ መስጠት፣ እንግዲህ፣ ለሕጋችን እንግዳ አሳብ አይደለም፤ ለከተማው ቤት ግን አልደረሰውም።

ክፍተቱን ወላጅ በሕይወት ሳለ ሊሞላው ይችላል። «ቤቱ ያንቺ ነው» የሚል የቃል ተስፋ አይበቃም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ፎርም ካልተፈጸመ፣ በቁጥር 2443 መሠረት ውጤት የለውም። እኔ የማደላው ለአላባ መብት ነው። ባለአላባዋ ዕድሜዋን ሙሉ በቤቱ ትጠቀማለች፤ ስታርፍ መብቱ ያበቃና ቤቱ ሙሉ በሙሉ ለባለሀብቶቹ ይሆናል። አስታማሚዋ ከደጅ አትወድቅም፤ ወንድሞቿም ድርሻቸውን አያጡም።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ነገ አንድ አረጋዊ ስለ ቤታቸው ሊያማክሯችሁ ሲመጡ፣ ካርታውን ከማየታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «አብሮዎት የሚኖረው ማን ነው? ምንስ ጽፈውለታል?»