ሳን ፍሩቱዎሶ፦ መኪና የማይደርስበት ገዳም

ሳን ፍሩቱዎሶ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በሊጉሪያ ጠረፍ፣ በካሞሊና በፖርቶፊኖ መካከል ትገኛለች። ባሕሩ ወደ ተራራው ገባ ብሎ የሚያርፍባት ትንሽ ጉያ ናት። የመኪና መንገድ የላትም፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ወይ በጀልባ ይሳፈራል፣ ወይ በእግሩ ይወርዳል።

ከፖርቶፊኖ የሚነሳው የእግር መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከካሞሊ በሳን ሮኮ በኩል የሚመጣው ግን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀሩ የመድፍ ምሽጎችን አልፎ፣ ገደሉ ሲብስ በዓለቱ ላይ የተቸነከረ ሰንሰለት እየያዙ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ዓለቱ ቀረብ ብለው ሲያዩት ሊጥ ውስጥ ቆሎ የተነከረ ይመስላል፤ በተፈጥሮ የተጣበቁ ክብ ክብ ጠጠሮች ናቸው። ጠጠሮቹ እየለቀቁ ከጫማ ሥር ስለሚንከባለሉ ነጠላ ጫማ አያዋጣም። በጀልባ ከካሞሊ ግማሽ ሰዓት ቢበቃም ባሕሩ ሲነሣ ጀልባ አይቆምም። በጀልባ ገብቶ በእግር ተራራ መውጣት የሚገጥመው እንግዳ አይጠፋም።

ገዳሙ ስሙን ያገኘው በ259 ዓመተ ምሕረት (እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእሳት ከተሠዋው ከታራጎና ጳጳስ ከቅዱስ ፍሩክቱኦሶስ ነው። በትውፊቱ መሠረት አፅሙን ከስፔን ይዘው የሸሹት መነኮሳት በሕልም የተነገራቸው ምልክት ዘንዶ፣ ዋሻና የጠራ ምንጭ ነበር። ዘንዶው ተረት ቢሆንም ምንጩ እውነተኛ ነው፤ እንዲህ ባለ ገደላማ ጠረፍ የሰውን ኑሮ የሚወስነውም የሚጠጣ ውኃ ነው። ቤኔዲክቲን መነኮሳት የኖሩበት ይህ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በጄኖዋዎቹ የዶሪያ መሳፍንት ድጋፍ ሰፋ። መሳፍንቱም ነጭና ግራጫ ድንጋይ እየተፈራረቀ በተሠራ መቃብር ውስጥ ራሳቸውን አስቀበሩ። በ1562 ደግሞ ቤተሰቡ ከባሕር ወንበዴዎች መከላከያ የሚሆን አራት ማዕዘን ማማ አሠራ።

በእነዚያ መሳፍንት አጠገብ አንዲት የአካባቢው ሴት ተቀብራለች። በሚያዝያ 1855 ወደ ክሪሚያ ጦርነት ወታደር የጫነ «ክሮኤሰስ» የተባለ የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከብ በዚሁ ጠረፍ ፊት ተቃጠለ። ማሪያ አቬኞ በትንሽ ጀልባ ሰው ልታድን ወጥታ ሰጠመች። መኳንንት ለራሳቸው ባሠሩት ስፍራ እንድታርፍ መደረጉ ከመቃብሮቹ እብነ በረድ ይልቅ የሚናገር ነገር ነው።

እንግዳ ልብሱን አውልቆ የሚተኛበት የጠጠር ዳርቻ ግን ከገዳሙ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ነው። ቀድሞ ባሕሩ እስከ ሕንፃው ምድር ቤት ቅስቶች ድረስ ይደርስ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆችም ጀልባቸውን የሚያስገቡት እዚያው ቅስት ሥር ነበር። በ1915 ከተራራው የወረደ ጎርፍ የቤተ ክርስቲያኑን ከፊል አፈረሰ፣ ያመጣውን ድንጋይና አፈር ደግሞ በደጃፉ ላይ ከመረው። ያ ክምር ነው ዛሬ ፎጣ የሚነጠፍበት።

ባሕሩም የራሱ ሐውልት አለው። በመተንፈሻ መሣሪያ ከጠለቁት የመጀመሪያዎቹ ጣሊያናውያን አንዱ የሆነው ዳሪዮ ጎንዛቲ በ1947 በዚህ ውኃ ሞተ። ባልንጀራው ዱሊዮ ማርካንቴ መታሰቢያ እንዲቆም ሐሳብ አቀረበ፤ ቀራጺው ጉዊዶ ጋሌቲ የሠራው ባለ ሁለት ሜትር ተኩሉ የነሐስ ክርስቶስም በ1954 በ17 ሜትር ጥልቀት ቆመ። እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ነው የሚታየው። ለነሐሱ ከቀለጡት ውስጥ የመርከብ ደወሎችና ሜዳሊያዎች ይገኙበታል። በየበጋው በሌሊት በሚደረግ ሥነ ሥርዓት ጠላቂዎች የሎሬል አክሊል ከእግሩ ሥር ያኖራሉ። ተመሳሳዩ በፍሎሪዳ ባሕር ውስጥና በግሬናዳም ቆሟል።

ገዳሙን የዶሪያ ፓምፊልዪ ቤተሰብ በ1983 ለጣሊያን የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ለ«ፋይ» ሰጠ፤ ድርጅቱም አድሶ ለጎብኚ ከፈተው። ዙሪያው ያለው ባሕር ከ1999 ጀምሮ ጥብቅ ክልል ነው። የነሐሱ ክርስቶስ በ2003 ለጥገና ከባሕር ሲወጣ አንድ እጁ አልነበረም፤ የመልህቅ ሥራ ነው ተብሎ አዲስ እጅ ተገጠመለትና በ2004 ወደ ቦታው ተመለሰ።