አውቶቡሱ ባቡሩን ይጠብቅ



ሜልበርን የቲኬቱን ጉዳይ ከፈታች ቆይታለች። አንድ የማይኪ ካርድ ለባቡሩም፣ ለትራሙም፣ ለአውቶቡሱም ይሠራል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ሰው ዳግመኛ አይከፍልም። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2023 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በቪላይን ወደ ክፍለ ሀገር የሚጓዝ ሰው የቀን ክፍያው ከከተማው የቀን ጣሪያ አይበልጥም። እንግዲህ ዋጋው ተዋሕዷል፤ ያልተዋሐደው ሰዓቱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ባቡር በየ20 ደቂቃው፣ አውቶቡስ በየ30 ደቂቃው ቢመጣ፣ ሁለቱ በትክክል የሚገናኙት በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሚገርመው፣ በየ40 ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ እንኳ ሁልጊዜ ባቡር ያገኛል። በየ20 ደቂቃው ቢሆን ግን የማንም ባቡር ሳይገናኝ አይቀርም፤ እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሊሆን እንደሚችል አይተናል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 የታርኒትና የዊንደም ቬል ጣቢያዎች ሲከፈቱ፣ የአካባቢው የአውቶቡስ መስመሮች ከባቡሩ ጋር እንዲገናኙ እንደ አዲስ ተነድፈዋል። የዚህ ከተማ ምሁር የነበሩት ፖል ሚስም የዙሪክን ምሳሌ እየጠቀሱ፣ የሕዝብ አሰፋፈር መሳሳት ለደካማ ትራንስፖርት ሰበብ እንደማይሆን፣ ወሳኙ የተቀናጀ ዕቅድ እንደሆነ እስከ ሕልፈታቸው ተከራክረዋል። ሐዲድ ብቻውን መረብ እንደማይሆንማ ከአዲስ አበባ የመጣን ሰዎች ሌላ አስረጂ አያሻንም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ምሽቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቀመጠው የአውቶቡስ ዝቅተኛ መስፈርት በሰዓት አንድ ጊዜ፣ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነበር። በአረጋውያን መንከባከቢያ ወይም በጽዳት ሥራ የተሠማራ ወገናችን ፈረቃው ከዚያ በኋላ ቢያበቃ፣ ባቡሩ ከጣቢያው ያደርሰዋል፤ ከጣቢያው እስከ ቤቱ ግን የሚያደርሰው ያጣል። ለዚህችው ለመጨረሻዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲል መኪና ይገዛል፣ ኢንሹራንስና ነዳጅ ይከፍላል።

ስለዚህ የቪክቶሪያ መንግሥት የ2021ዱን የአውቶቡስ ዕቅድ ሲፈጽም ሁለት ነገር በውሉ ላይ ያስፍር፦ ባቡር ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ የሚጠብቀው ሾፌር፣ ኩባንያውም ቢሆን፣ በመዘግየት አይቀጣ፤ የመጨረሻው አውቶቡስም የመጨረሻው ባቡር ከገባ በኋላ እንጂ ቀድሞ ከጣቢያው አይነሣ።