«ምን አጥፍቼ ነው?» ለምትሉ ወላጆች
(በካኩማ የስደተኞች ካምፕ በሬዲዮ የቀረበ የጤና ንግግር)

ዛሬ የማነጋግረው ልጃቸው በጊዜው አንገቱን ማቅናት፣ መቀመጥና መራመድ ያልቻለ ወላጆችን ነው። «ገና ሳትወልጂ ስለ ልጅ ምን ታውቂያለሽ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አልወለድኩም። ቤት ለቤት ስዞር ግን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። «ምን አጥፍቼ ነው?» ትሉኛላችሁ።

ምንም አላጠፋችሁም። በሕክምና ሴሬብራል ፖልሲ የሚባለው ችግር የሚመጣው ሕፃኑ በማህፀን ሳለ፣ ሲወለድ ወይም ከተወለደ በኋላ በሕፃንነቱ አንጎሉ ሲጎዳ ነው። ምጥ ጸንቶ አየር አጥሮት ሊሆን ይችላል። በተወለደ ሰሞን ሰውነቱ ክፉኛ ቢጫ ሆኖ ወይም ማጅራት ገትር ይዞት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ጭራሽ የማይታወቅበትም ጊዜ አለ። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አባቶች ሆይ፣ «በእናቱ ወገን የመጣ ነው» ማለትም ይቅር። ጸበሉም ዱዓውም የእናንተ ነው፤ የሚጥለው ልጅ ከሆነ ግን የታዘዘለትን መድኃኒት አታቋርጡ።

በምሠራበት ሰፈር አንድ አባት ልጃቸውን ሦስት ዓመት ሙሉ ሊያዩት አልፈለጉም። ጠልተውት አይደለም፣ ሲያዩት ስለሚያማቸው ነው። ቀኑን ሻይ ቤት ይውላሉ። ባለቤታቸው በር ዘግተው ልጁን በጀርባው አስተኝተው ይመግቡታል። በየጉርሻው ይስላል፣ ይከሳል። ጎረቤት ሁሉ «ደረቱን ነው» ይላል። ደረቱን የሚያሳምመው ግን ተንጋሎ መብላቱ ነበር፤ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል።

አንድ ቀን እናት ራሽን ሰልፍ ላይ ሳሉ አባትየውን ቤት አገኘኋቸው። ልጁን ጭናቸው ላይ ቀና አድርገው እንዲያስቀምጡት፣ ጀርባውን በክንዳቸው እንዲደግፉ፣ አገጩን ጥቂት ወደ ደረቱ ዘንበል እንዲያደርጉ አሳየኋቸው። ገንፎው ወፈር ይበል፤ ቀጭን ነገር ቶሎ ያንቃል። በትንሽ ማንኪያ ከፊት ለፊት ይሰጠዋል፣ እስኪውጥ ይጠበቃል፣ ከዚያ ሌላ ማንኪያ። አንድ ሰዓት ፈጀብን። ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ ይቆያል። «አልሳለም» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። በማግስቱ ግን ራሳቸው መገቡት።

ስለዚህ «ልቤ ሲቀበለው እንከባከበዋለሁ» አትበሉ። እኔ እንዳየሁት እጅ ይቀድማል፣ ልብ ቀስ ብሎ ይከተላል። ባልና ሚስትም እኩል አይደርሱም፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ዝም ቢል ግድ የለውም ማለት አይደለም። ማልቀስም አያሳፍርም፤ የጠበቃችሁት ሌላ ነበርና።

ጉዳቱ ጨርሶ የሚጠፋ አይደለም። «አድንላችኋለሁ፣ ገንዘብ አምጡ» ለሚላችሁ አትክፈሉ። የአንጎሉ ጉዳት እየባሰ አይሄድም፤ ካልተንቀሳቀሰ ግን እጅና እግሩ እየተኮማተረ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ በአንድ ጎን አታስተኙት። ከካርቶንና ከጨርቅ መቀመጫ መሥራት ይቻላል፣ እናሳያችኋለን። አነጋግሩት፤ መናገር ያቃተው ሁሉ መረዳት አቅቶታል ማለት አይደለም።

ደግሞ «ፕሮሰሳችን ይበላሻል» ብላችሁ በምዝገባ ጊዜ ልጁን የምትደብቁ አላችሁ አሉ። ያልተመዘገበ ልጅ ራሽን የለው፣ ፕሮሰስ ቢመጣም ስሙ የለ። ጉዳቱንም ተናግራችሁ አስመዝግቡት።

ሲመገብ የሚስለው፣ የሚያንዘፈዝፈው ወይም እየከሳ የሚሄድ ልጅ ካላችሁ ክሊኒክ አምጡት። ተሸክማችሁ መምጣት ካልቻላችሁ ለብሎካችሁ ጤና ሠራተኛ ንገሩ፣ ሚዛን ይዘን እንመጣለን። ያን ቀን አባትም ቤት ይጠብቁን።